እራት «ሁልጊዜ» እምቢ ያሉት እናት፣ መታጠቢያ ቤት የወደቀችው ማን?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አረጋውያኑም ይወዱኛል። የሚያስጨንቀኝ መጻፉ ነው። በቅርቡ የሺፍቱ ኃላፊ የሆነችው ቻርጅ ነርስ ሁለት ማስታወሻዬን መለሰችብኝ። አንዲት እናት ሁለት ምሽት ተከታትለው እራት አልበላም ስላሉኝ ‹ሺ ኦልዌይስ ሪፊውዝስ ዲነር› ብዬ ጽፌ ነበር። ልጃቸው አይታው ‹ሁልጊዜ ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?› ብላ ተቆጣች። ሌላ ቀን ደግሞ እኚሁ እናት መታጠቢያ ቤት ወድቄ ነበር ሲሉኝ ‹ሺ ሴድ ሚ አይ ፌል ኢን ዘ ባዝሩም› ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ ደንግጣ ‹የወደቅሽው አንቺ ነሽ እንዴ?› አለችኝ። አገር ቤት እያለሁ በእንግሊዝኛ የምትታማ ልጅ አልነበርኩም። አሁን ግን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። አጠር አድርጌ ትንሽ ብቻ ብጽፍ ይሻለኛል? ወይስ በአማርኛ ጽፌ በስልኬ ላስተርጉመው?»
ወ. ነኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ ወ.፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮችሽን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። አንቺ እንደፈራሽው እንግሊዝኛ አለመቻል አይደለም ያየሁት። የመጀመሪያው በሰዋስው በኩል አንዳች እንከን የለበትም፤ ቃላቱ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሰማሽው እውነት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ሌላ ታሪክ ያወራል። ስለዚህ ለየብቻ ልያዛቸው።

ከ«ኦልዌይስ» ልጀምር። በአማርኛ «ሁሌ» ስንል አንቆጥርም። እናት ልጇን «ሁሌ ታመሻለህ» ስትለው ምሬቷን ነው የምትነግረው፤ ልጁም «ባለፈው ማክሰኞ በጊዜ ገብቻለሁ» ብሎ ቢከራከራት ነገር ማባባስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሲያወሩ እንደዚሁ ናቸው። ቻርት ላይ፣ ማለትም በሕክምና መዝገቡ ላይ ሲሰፍር ግን ቃሉ ምሬት መሆኑ ይቀርና ቁጥር ይሆናል። አንቺ ያየሽው ሁለት ምሽት ነው፤ ልጃቸው ያነበበችው ግን እናቷ ነርሲንግ ሆም ከገቡ ጀምሮ ጦማቸውን እንደሚያድሩ ነው። በቁጣዋ አልፈርድባትም።

ቁጥር ይሆናል ስል ለማጋነን አይደለም። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ሁሉ ለእያንዳንዱ ሪዚደንት (እዚያ ለሚኖር ሰው) በየጊዜው የሚሞላው ኤምዲኤስ የሚባል የፌዴራል ቅጽ አለ። የሚሞሉት ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ ሲሞሉ ግን የናንተን ማስታወሻም ያገላብጣሉ። ስሜትን በሚመለከተው ክፍል ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የምግብ ፍላጎት ነው፤ የሚታዩትም ያለፉት 14 ቀናት ናቸው። ከ2 እስከ 6 ቀን ከሆነ «ሰቨራል ዴይስ» (የተወሰኑ ቀናት) ይባላል። ከ7 እስከ 11 ከሆነ «ሃፍ ኦር ሞር ኦፍ ዘ ዴይስ» (ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ)፣ ከ12 እስከ 14 ከሆነ ደግሞ «ኒርሊ ኤቭሪ ዴይ» (በየቀኑ ማለት ይቻላል) ነው። የእኚያ እናት ሁለት ምሽት ከታችኛው ረድፍ ነው የሚገባው። ያንቺ «ኦልዌይስ» ግን ወደ ላይኛው ሊጎትተው ይችላል። መድኃኒት ወይም እንክብካቤ እምቢ ማለትን የሚጠይቀው ክፍልም ያለፉትን 7 ቀናት አይቶ በዚሁ መንገድ ይከፍላል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ቀን፣ በየቀኑ። እነዚህ ምልክቶች ተደምረው ነው እንግዲህ ለሪዚደንቷ ምን ዓይነት የእንክብካቤ ዕቅድ እንደሚወጣ የሚወሰነው። አንዲት ቃል ብዙ ርቀት ትሄዳለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። «ኦልዌይስ»ን አውጥተሽ «ሺ ሪፊውዝስ ዲነር» ብትዪም ችግሩ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ራሷ ልማድን ትናገራለች። በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ቀላሉ ግስ «እንዲህ ታደርጋለች፣ ጠባይዋ ነው» ማለት ነው። ያየሽውን አንድ ድርጊት ለመጻፍ ኃላፊ ጊዜ ያስፈልግሻል፤ «ሺ ሪፊውዝድ ዲነር»፣ ከዚያም ሰዓቱ። ሰዓቱን የምልሽ አንባቢዋ ራሷ እንድትቆጥር ነው። ሁለት ማስታወሻ በሁለት ቀን ከተጻፈ ሁለት ጊዜ መሆኑን ማንም ያያል፤ ያንቺ ድርሻ መቁጠሪያውን ማቀበል ነው። (ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ፤ ደክሞሽ ሳለ 17:30 በማለት ፈንታ 11:30 ብሎ መጻፍ የሚያጋጥም ነው።)

ታዲያ የድግግሞሽ ቃላት ጨርሶ አይጻፉም? ይጻፋሉ። «ዩዥዋሊ»፣ «ኦፈን»፣ «ሰምታይምስ»፣ «ሬርሊ» የሚሉት ቃላት ሪዚደንቷን ለረጅም ጊዜ ለምታውቅ ሲኤንኤ ትልቅ ጥቅም አላቸው። «ሺ ዩዥዋሊ ፊኒሽስ ሄር ዲነር» ብለሽ ቀጥለሽ «ቱናይት ሺ ሪፊውዝድ» ስትዪ፣ ነርሷ የተለወጠ ነገር መኖሩን ወዲያው ታያለች። የአንድ አዛውንት ጠባይ በድንገት መለወጥ ብዙ ጊዜ የሕመም የመጀመሪያ ምልክት ስለሆነ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ሐተታ ይበልጣል። እኔ እንደሚመስለኝ የሲኤንኤ ትልቁ ዕውቀት እዚህ ላይ ነው። ዶክተሩ የሚያያቸው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ አንቺ ግን በየምሽቱ ታጎርሻቸዋለሽ።

ቦታቸውን በተመለከተ ብዙም አልቆይም፤ ከትምህርት ቤት የምታውቂው ነው። ከዋናው ግስ በፊት ይገባሉ፣ «ሺ ኦፈን ኮልስ»። ከ«ኢዝ» እና ከ«ዎዝ» በኋላ ይመጣሉ፣ «ሺ ኢዝ ኦፈን ታየርድ»። ረዳት ግስ ካለ መካከል ይቀመጣሉ፣ «ሺ ሃዝ ኔቨር ፎለን»። «ኤቭሪ ዴይ» ወይም «ትዋይስ ኤ ዊክ» የመሰሉት ግን መጨረሻ ላይ ያምርባቸዋል። «ሰምታይምስ» ዓረፍተ ነገር መክፈት ይችላል። «ኔቨር» አይችልም ማለት ባይሆንም ከከፈተ ቃላቱን ሁሉ ያገለባብጣቸዋልና ለቻርት አትሞክሪው።

«ኔቨር» ሌላም ወጥመድ አለበት። እኛ «በጭራሽ አይበሉም» እንላለን፤ «በጭራሽ» አለ፣ ግሡም አሉታ ነው። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር «ሺ ኔቨር ዳዝንት ኢት» ይወጣል፤ ያ ደግሞ «ሳትበላ የቀረችበት ጊዜ የለም» ማለት ይሆናል። «ኔቨር» አሉታውን በሆዱ ይዟል፤ ግሡን በአዎንታው ተዪው። «ሃርድሊ»ም የዚያው ዘመድ ነው። «ሺ ሃርድሊ ኢትስ» ሲባል ከ«ሃርድ» ጋር ስለሚመሳሰል «በኃይል ትበላለች» የሚመስለው ሰው አለ። ትርጉሙ ግን «ምንም አትበላም ማለት ይቻላል» ነው። በርክክብ ሰዓት ከሰማሽው አትለፊው።

«ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኮሊንግ» የሚለውንም ጠንቀቅ በዪ። «ኦልዌይስ» ከ«ኢንግ» ጋር ሲገጥም እንግሊዝኛ አንባቢ የሚሰማው «መጥራቷ ሰለቸን» የሚል ምሬት ነው። አንቺ ምንም ክፉ ሳታስቢ ጽፈሽው ሊሆን ይችላል፤ ሪዚደንቷና ሕጋዊ ወኪሏ ግን መዝገቡን የማየት መብት አላቸው። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ነርሲንግ ሆሙ ከጠየቁበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዓላት ሳይቆጠሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያሳያቸው ይገባል። «ፕረስድ ኮል ላይት 6 ታይምስ ቢትዊን 20:00 ኤንድ 22:00» ብትዪ እውነቱም ይነገራል፣ ክብራቸውም ይጠበቃል።

ድግግሞሽ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ከመድኃኒቱ በላይ የሚያሳይ የለም። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ቁጣ ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በስሕተት በየቀኑ ተወስዶ ሰው የሞተባቸው አጋጣሚዎች በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቁ ናቸው። የጤና ተቋማትን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2004 መጻፍ የማይገባቸውን ምሕጻረ ቃላት ዘርዝሮ ሲያወጣ «ኪው ዲ» እና «ኪው ኦ ዲ»ን ጨምሯቸዋል። አንዱ በየቀኑ፣ ሌላው በየሁለት ቀኑ ማለት ሆኖ ሳለ በእጅ ጽሕፈት ይምታቱ ነበርና። በምትካቸው «ዴይሊ» እና «ኤቭሪ አዘር ዴይ» ተብሎ ተዘርዝሮ ይጻፋል። «ባይዊክሊ» የሚለውንም አትድፈሪው፤ ለአንዱ በሳምንት ሁለቴ፣ ለሌላው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጣጣውም እሱ ነው።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ እንግባ። እኚያ እናት የነገሩሽን በአማርኛ ብትነግሪኝ «መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ አሉኝ» ትዪኝ ነበር። ማን እንደወደቀ ለመጠየቅ አልቸገርም፤ «ወደቅኩ» ያሉት እሳቸው ናቸው። አማርኛ የተናጋሪውን «እኔ» ሳይነካ ባለበት ይዞት ይመጣል፤ «አሉኝ» የሚለው ግስ ነው የባለቤቱን ማንነት የሚጠብቀው። ይህ ጠባዩ የውጭ ሊቃውንትን ሳይቀር አስደንቋል። ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለው የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው የታወቀ ጥናት «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን የእኛን ዓረፍተ ነገር ምሳሌ አድርጎ ተከራክሮበታል። ጀግናው ጆን ነው፣ ተናጋሪው አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን «ጆን ሴዝ ዛት አይ አም ኤ ሂሮ» ብትዪ ጀግናዋ አንቺ ሆነሽ ቁጭ ነው። ስለዚህ ነርሷ «የወደቅሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» ስትልሽ አላሾፈችብሽም፤ የጻፍሽውን በትክክል አንብባዋለች። ሠራተኛዋ ወድቃ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቅጽ መሙላት ነበረባት፤ መደንገጧ ለዚህም ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ቃላቸውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጦ «አይ»ን እንዳለ መተው ነው፤ «ሺ ሴድ፣ ‹አይ ፌል›»። ሁለተኛው ጥቅሱን ትቶ «አይ»ን ወደ «ሺ»፣ ግሡንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ «ሺ ሴድ ዛት ሺ ሃድ ፎለን»። ለቻርት የመጀመሪያው ይሻልሻል ባይ ነኝ። ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን ቃል ሳትነኪ ታደርሺያለሽ። ባልተነካ ቃል ውስጥ ነርሷ አንቺ ያላስተዋልሽውን ልታገኝ ትችላለች። «ዘ ሩም ስፐን» ብለው ከሆነ ያ ማዞር ነው፤ «አይ ስሊፕድ» ካሉ ወለሉ ነው። ሁለቱም «ሺ ፌል» ተብለው ቢጠቃለሉ ልዩነቱ ጠፋ።

«ሴድ ሚ» ያልሽውም ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ «አሉኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» ናት። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለሁለት ግሦች አከፋፍሎታል። «ቶልድ» ሰሚ ይፈልጋል፣ «ሺ ቶልድ ሚ»። «ሴድ» ሰሚን በቀጥታ አያስከትልም፣ «ሺ ሴድ» ብሎ ይበቃዋል። ከዚሁ ጋር «ተባልኩ» ስንል «አይ ዎዝ ሴድ» የሚመጣብን ሞልተናል፤ «አይ ዎዝ ቶልድ» ነው።

በሙያችን ከሁለቱም ይልቅ «ስቴትድ» እና «ሪፖርትድ» ይዘወተራሉ፤ ገለልተኛ ስለሆኑ ተለማመጃቸው። «ክሌይምድ» ካልሽ ግን «ትላለች እንጂ አላምናትም» እንዳልሽ ይቆጠራል፤ «አድሚትድ» ካልሽ ደግሞ ጥፋት ያመነች ታስመስያታለሽ። «ዲናይስ» የሚለው ሊያደናግርሽ ይችላል። «ሺ ዲናይስ ፔይን» በሕክምና አጻጻፍ «ሕመም አለሽ ወይ ተብላ ተጠይቃ የለኝም አለች» ማለት ነው እንጂ ካደች ማለት አይደለም። ሳትጠይቂያት ደግሞ አትጻፊው።

አንድ የምፈራው ቃል አለኝ፤ የራሳችን «አሉ» ናት። «ጠዋት ወድቀው ነበር አሉ» እንላለን፤ ማን እንዳለ አይታወቅም፣ ወሬው ግን ደርሷል። ሰፈር ውስጥ ችግር የለውም። ቻርት ላይ ግን የወሬው ባለቤት መታወቅ አለበት። ሪዚደንቷ ናት? ልጇ ናት? የቀኑ ሺፍት ሠራተኛ ናት? በስም ወይም በሥራ ድርሻ ጻፊው። አንቺ በዓይንሽ ያላየሽውን ደግሞ እንዳየሽ አትጻፊ። ገብተሽ ወለል ላይ ካገኘሻቸው «ፋውንድ ኦን ዘ ፍሎር» ነው እንጂ «ፌል» አይደለም፤ ተንሸራተው ይሁን ራሳቸው ተቀምጠው አላየሽም። በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ ሲያንስ የማይሆን ሰው ይወቀሳል።

ይህ ሁሉ በጣም የሚከብደው ሪዚደንቷ አንድ ቀን «ልጄ ገንዘቤን ትወስዳለች» ወይም «ትናንት ማታ አንድ ሠራተኛ መታኝ» ያሉሽ እንደሆነ ነው። እውነት ይሁን አይሁን መርምረሽ መጻፍ ያንቺ ሥራ አይደለም። «ግራ ስለሚገባቸው ነው» ብለሽ ማለፍም ያንቺ ውሳኔ አይደለም። ቃላቸውን እንዳለ በጥቅስ አስፍሪ፤ ከመጻፍሽም በፊት ለቻርጅ ነርሷ በቃል ንገሪ። በፌዴራሉ ደንብ ተቋሙ ድብደባና መሰል በደል የተነሳበትን ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበትን አቤቱታ ቢበዛ በ2 ሰዓት፣ ሌላውን ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሰዓቱ የሚቆጠረው አቤቱታው ከተነገረ ጀምሮ ነው፤ የተነገረው ደግሞ ላንቺ ነው።

ሁለቱን ማስታወሻዎችሽን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋቸው ነበር። ሰዓቱንና የሾርባውን ነገር ለምሳሌ ነው የጨመርኩት፤ አንቺ የሆነውን ነው የምትጽፊው።

«ሪዚደንት ሪፊውዝድ ዲነር አት 17:30። ስቴትድ፣ ‹አይም ኖት ሃንግሪ›። ሱፕ ኦፈርድ አት 18:15፣ ሺ ኤት ሃፍ። ሺ ኦልሶ ሪፊውዝድ ዲነር የስተርደይ። ቻርጅ ነርስ ኖቲፋይድ።»

«አት 21:10 ሪዚደንት ስቴትድ፣ ‹አይ ፌል ኢን ዘ ባዝሩም ዚስ ሞርኒንግ›። ፎል ኖት ዊትነስድ ባይ ዚስ ራይተር። ቻርጅ ነርስ ኖቲፋይድ ኢሚዲየትሊ።»

አየሽ፣ አንድም ከባድ ቃል የለበትም። ሁለቱም አንቺ ከጻፍሽው ይረዝማሉ፤ ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ልጻፍ ወይ» ላልሽኝ መልሴ አይደለም ነው። ስትፈሪ ያሳጠርሽው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚጎድሉት ሰዓቱ፣ ቁጥሩና የተናጋሪው ማንነት ናቸው፤ ሳይጎድሉ መቅረት የነበረባቸው ደግሞ እነሱ ናቸው።

ስልኩን በተመለከተ እምቢ በዪው። የሪዚደንቷን ስምና ሕመም በግል ስልክሽ ላይ ባለ የትርጉም መተግበሪያ ማስገባት የታማሚን ምስጢር ለውጭ አካል አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። ትርጉሙም አያስተማምንም፤ «ወደቅኩ አሉኝ» የሚለውን አንዴ በትክክል፣ አንዴ አንቺን ጥሎሽ ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ ይልቅ የማንም ስም የሌለበት ትንሽ ደብተር ያዢና «ስቴትድ»፣ «ሪፊውዝድ»፣ «ኦፈርድ»፣ «ኖቲፋይድ» የመሳሰሉ በየቀኑ የሚያስፈልጉሽን ግሦች ጻፊበት። ቤት ስትገቢ ስለ ራስሽ ቤተሰብ ዓረፍተ ነገር ሥሪባቸው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ አካባቢ ከሆንሽ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለሥራ ሰዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፤ ሌላ ካውንቲም ብትሆኚ በአቅራቢያሽ ያለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጠይቂ።

የቀሩት ሁለቱ የተመለሱ ማስታወሻዎች ናቸው። አትሰርዣቸው፣ በላያቸውም አትጻፊባቸው። ነገ ገና ሺፍትሽ ሳይጀመር ለቻርጅ ነርሷ «ላስተካክላቸው እፈልጋለሁ፤ እዚህ ቤት ሌት ኤንትሪ (ዘግይቶ የሚገባ ማስታወሻ) እንዴት ነው የሚጻፈው?» በያት። ማስተካከያው በራሱ ቀንና ሰዓት፣ የፊተኛው ማስታወሻ የተጻፈበት ቀን ተጠቅሶ፣ ከፊርማሽ ጋር ይገባል። ለልጃቸው ጉዳዩን የምታስረዳው ነርሷ ናት፤ ሁለት ምሽት እንደነበረ ግን አንቺ ንገሪያት።

እህትሽ፣ የዓምዱ አዘጋጅ